ነፋስ የበላው «አላገባህም»

መንደራችን ትንሽ ናት። አንዱ ቤት ሰው ሲያስነጥስ ከሌላው ቤት «ይማርህ» ይባላል፤ ባልና ሚስት ቢጣሉ እራት ሳይቀርብ አስታራቂ ይገባል። ተራራው ትከሻ ላይ ተለጥፋ የቀረች በመሆኗ ከበታቻችን ያሉት ሰዎች «ላዮች» ይሉናል፣ እኛም «ታቾች» እንላቸዋለን። ከገደሉ ባሻገር ያሉትን ደግሞ «ማዶ» እንላቸዋለን። እነሱም እኛን «ማዶ» ነው የሚሉን። ትክክለኛው ማዶ የትኛው ነው በሚለው ላይ ተከራክረን ተከራክረን ሲሰለቸን ትተነዋል።

ገደሉ ጠባብ ነው፤ እጅ ቢዘረጉ የሚነኳቸው ይመስላል። የማዶ ሴቶች ልብስ ሲያሰጡ የማን ቀሚስ የት ላይ እንደተተረተረ ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ አያለሁ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ዓይኔ ወደዚያው ነው የሚሄደው። በእግር ግን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ወጥቶ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስልክስ እንዳትሉኝ። ስልክማ አለን፤ የሌለን ኔትወርክ ነው። ተራራው ይጋርደዋል። የእኛ ሰው ስልክ የሚገዛው ሰዓት ለማየትና ጨለማ ሲሆን መንገድ ለማብራት ነው።

ስለዚህ እንጮሃለን። በየመንደሩ አንድ ጯሂ አለ። የእኛው ጋሽ ጡሩምባ ይባላሉ፤ ደረታቸው ሰፊ፣ አንገታቸው ወፍራም፣ ቤታቸው ውስጥ ሲያወሩ እንኳን ድስት ክዳን የሚያንቀጠቅጡ ሰው ናቸው። የማዶው ጯሂ ደወሉ ነው የሚባለው። ጯሂ የሚናገረው በላኪው አፍ ነው፦ እኔ «ክር አልቆብኛል» ካልኩ፣ ጋሽ ጡሩምባ በዚያ ጎርናና ድምፃቸው «ልብስ ሰፊዋ! ክር! አልቆብኛል!» ይላሉ። ቃል በቃል፣ በየመሃሉ ትንፋሽ እየወሰዱ፣ ሦስት ጊዜ ይደግሙታል። በገደሉ ላይ አንቱ የለም፤ ትንፋሽ ይፈጃል።

ችግሩ ነፋሱ ነው። ጠዋት ከእኛ ወደ ማዶ ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላ ይገለበጥና ከማዶ ወደ እኛ ይመጣል። ከነፋሱ ጋር የተጮኸ ቃል ሙሉውን ይደርሳል። ከነፋሱ ጋር እየተጋፋ የሄደ ግን ራሱንና ጭራውን ተበልቶ መሃሉ ብቻ ነው የሚሻገረው። ታዲያ ይህ ቋንቋችን፣ ይቅር ይበለውና፣ እምቢታውን የት የት አስቀመጠው? ራሱ ላይና ጭራው ላይ! «አይመጣም» ብለህ ትጮሃለህ፣ «ይመጣ» ሆኖ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ከእኛ በኩል ከሰዓት በኋላ «ድልድዩ አልተሠራም» ተብሎ ተጮኸ። ማዶዎች «ተሠራ» የሚለውን ሰምተው፣ ከበሮ ይዘው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ሊመርቁ ወንዙ ድረስ ወረዱ። ያገኙት ሁለት ምሰሶና አንድ የታሰረ ፍየል ነው። ፍየሉን መርቀው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ እምቢታ ያለበት መልእክት ከእኛ በጠዋት፣ ከእነሱ ከሰዓት በኋላ እንዲጮህ ተስማማን። ስምምነቱን የማያውቅ የለም። የሚያከብረውም የለም።

እንግዲህ ወደ እህቴ ልምጣ። እታለም የመንደራችን ዳቦ ጋጋሪ ናት። ዳቦዋ በበቅሎ ማዶም ታችም ይሄዳል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ነፍሱን ይማርና፣ በሕይወት ሳለም ብዙ ልዩነት አልነበረውም። ከቀብሩ በኋላ ምድጃ አሠራች፣ ቤቱን ነጭ ቀባችው፣ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞረችው። አልጋው እዚያ እንዲሆን ስትፈልግ ኖራ እሱ ብርሃን አልወድም ይላት ነበር። መንደሩ ግን ባል የሌላት ሴት ሲያይ፣ በሩ ተከፍቶ የተረሳ ቤት ያየ ይመስል፣ ካልዘጋሁ ይላል።

አንድ ቀን ጠዋት ከማዶ የደወሉ ጩኸት መጣ። ጋሽ ጡሩምባ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ከልለው ሦስቱንም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው «ባለወፍጮው የሆነ ጋሪ ይፈልጋል» አሉ።

«የምን ጋሪ?» አለ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። «እኛ መንደር ምን ጋሪ አለ?»

«‹ጋሪዋን ላገባት› ነው የሚለው።»

 ከዚያ የሊቀመንበሩ ሚስት እጇን አጨበጨበች። «ጋሪ አይደለም እናንተ! ጋጋሪ ነው! ጋጋሪዋን ላገባት!»

ጉድ ፈላ። ወሬው እኔ ቤት ሲደርስ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባሁ ነበር፤ ጣቴን ወጋሁት። ባለወፍጮውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ፣ ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት የለበሰ ሰው ነው። እታለም ዱቄት የምትገዛው ከእሱ ነው። ሰው ሁሉ ተግተልትሎ ዳቦ ቤቷ ገባ። እሷ እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ነበር። ሰምታ ጨረሰችና ቀና ሳትል፦

«አላገባህም በሉት» አለች።

«አስቢበት እንጂ!» አሉ ሴቶቹ። «ወፍጮ ያለው ሰው እኮ ነው! አንቺ ዳቦ፣ እሱ ዱቄት!»

«ዱቄቱን እገዛዋለሁ፤ ለዱቄት ብዬ አላገባም።»

እስከ ቀትር ለመኗት፣ ተቆጧት፣ አንዷ አለቀሰችላት። እሷ ዳቦዋን አወጣች፣ ሌላ አስገባች። በመጨረሻ ተስፋ ሲቆርጡ ጋሽ ጡሩምባ «እንግዲህ ነፋሱ ዞሯል፤ ነገ ጠዋት እጮኸዋለሁ» አሉ።

«አይሆንም» አለች እታለም። «ሰውን በተስፋ ማሳደር ነውር ነው። ዛሬውኑ ይወቀው።»

ይኸው ነው ጥፋቷ። ለሰው ክብር ተጨነቀች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ የእህቴ ጨዋነት ኩራት ኩራት አለኝ እንጂ ነፋሱ ትዝ አላለኝም። ጋሽ ጡሩምባ ግን ትዝ ብሏቸው እንደነበር ዛሬም እጠረጥራለሁ። ቋጥኙ ላይ ወጡ፣ ደረታቸውን ነፉ፣ ሦስት ጊዜ «ጋጋሪዋ! አላገባህም!» አሉ።  ቀጥሎ ከማዶ እልልታ መጣ። ነፋሱ ከእነሱ ወደ እኛ ነበርና እልልታው አንዲት ሳትጎድል ደረሰ። ከበሮውም ተከተለ።

«አላገባህም» ራሱንና ጭራውን ሲበላ «ላገባህ» ነው።

በማግስቱ እታለም ሳትተኛ ነጋ። ጎህ ሲቀድ፣ ነፋሱ ወደ ማዶ መንፈስ ሲጀምር፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ቋጥኙ ወጣች። እኔም ከኋላዋ። ስንደርስ ቋጥኙ ላይ ቦታ የለም። ሊቀመንበሩና ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ተቀምጠውበታል፤ ፀሐይ ለመሞቅ ነው አሉ። ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር።

«ጋሽ ጡሩምባ፣ ያስተካክሉልኝ» አለች።

«እኔ በትክክል ነው የጮህኩት» አሉ ጋሽ ጡሩምባ ወደ ጫማቸው እያዩ። «የተሳሳተው የእኔ ጉሮሮ አይደለም።»

«እሺ፣ ነፋሱ ነው የተሳሳተው በሏቸው።»

ሊቀመንበሩ ተነሣ። ሊቀመንበሩ ሲናገር አንድ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል፤ ይህን ካደረገ ነገሩ ረጅም ነው ማለት ነው። «እህቴ፣ ይህ ያንቺ ጉዳይ ብቻ አይደለም» አለ። «ጫካውን አስቢ።»

ጫካው ማዶ ያለ ጫካ ነው። በአባቶቻችን ጊዜ ማዶዎች «ጫካውን አብረን እንጠብቅ፣ አብረን እንካፈል» ብለው ጠየቁ። የእኛዎቹ ከማዶ ጋር ተኳርፈው ስለነበር «አንካፈልም!» ብለው መለሱ። የመለሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ማዶ የደረሰው «እንካፈል» ነበር። በሳምንቱ ማዶዎች የጫካውን እኩሌታ በድንጋይ ከልለው ሰጡን። አባቶቻችን በጣም ተገረሙ፤ ተገርመውም ማገዶ መልቀም ጀመሩ። ይኸው እስከ ዛሬ ከዚያው እንለቅማለን።

«እንግዲህ» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ዛሬ ተነሥተን ‹ከሰዓት የጮህነውን ነፋስ በልቶት ነው› ብንል፣ ማዶዎች ነገ ‹ታዲያ የጫካውስ?› አይሉም? ያንቺ ምድጃ ራሱ በምን እንጨት ነው የሚነደው?»

እታለም ያ እንጨት በምድጃዋ ውስጥ ሲነድ በየቀኑ ታየዋለች።

«ለእንጨት ነው የምትድሩኝ?» አለች።

«ለመንደሩ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ በአንድ አፍ። አንደኛው ዘግይቶ «ደግሞም ጥሩ ሰው ነው» ሲል ጨመረ።

ደሜ ፈላ። አፌን ከፍቼ ልሰድባቸው ስል እታለም ክንዴን ያዘችኝ። «እግር አለኝ» አለች፣ ለእነሱ ሳይሆን ለእኔ። ወዲያው ቁልቁለቱን ተያያዘችው። እየተጣደፍኩ ተከተልኳት። ከላይ ሊቀመንበሩ «የት ነው? የት ነው?» እያለ ይጮሃል፤ ድምፁ አጠገባችን በግልጽ ይሰማል፤ እኛ ግን ነፋስ ነው ብለን አለፍን።

ወንዙ ዳር አረፍ ስንል ከማዶ የሚመጣ በቅሎ አገኘን። ነጂው የጫነውን ጥቅል እያሳየ «ለልብስ ሰፊዋ ነው፣ የሙሽራ ጨርቅ» አለ። ጥቅሉን ገለጥ አድርጌ ዳሰስኩት። ጥሩ ጨርቅ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ለመቅደድ የማይመች፣ ለመስፋት የሚያስጎመጅ ነበር። እታለም በዓይኗ ስትገላምጠኝ እጄን ሰበሰብኩ።

አቀበቱን ስንወጣ እያለከለከች እንዲህ አለችኝ፦ «መጀመሪያ ሲድሩኝ ማንም አልጠየቀኝም። ሰው ሞልቶ ሲበላ ሲጠጣ አየሁና የማን ሰርግ ነው ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። አሁን በዚህ ዕድሜዬ አንድ ጊዜ ተጠየቅሁ። መለስኩም። መልሴን ነጠቁኝ። ቢድሩኝ አይደለም የሚቆጨኝ፤ ‹እሷ ራሷ ላገባህ ብላ› እያሉ መኖራቸው ነው።» 

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሞተሩ ይጮሃል፣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ባለወፍጮው ዱቄት ሲያፍስ አገኘነው። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ፊቱ ቆመችና «አላገባህም!» አለች። ጆሮውን አሳያት። ደገመችው። ራሱን ነቀነቀ፤ ሄዶ ሞተሩን አጠፋው። ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ቀስ እያለ ቆመ።

«ምን አልሽኝ?»

«አላገባህም!»

ባለወፍጮው ከቅንድቡ ላይ ዱቄት ጠረገ። «እንዴ!» አለ። «ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እኔ? እኔ ነኝ የጠየቅሁህ? አንተ ነህ እንጂ ያስጮህክብኝ!»

«እኔማ ያስጮህኩት አላገባትም ብዬ ነው!» አለ። «የሰፈሩ ሰው ጋጋሪዋን አግባ፣ ጋጋሪዋን አግባ እያለ አስመረረኝ። ወሬው አንቺ ጋ ደርሶ በከንቱ እንዳያስጨንቅሽ አሳውቁልኝ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ይሁን እያልኩት ደወሉ ጠዋት ጮኸው፤ ከሰዓት እንቅልፍ አለበት።»

እኔና እታለም ተያየን። «ጋጋሪዋን አላገባትም» ከነፋሱ ጋር ሲጋፋ መጥቶ እኛ ጋ «ጋሪዋን ላገባት» ሆኖ ነበር የደረሰው።

«ከዚያ ደግሞ» አለ ባለወፍጮው፣ «አንቺ ‹ላገባህ› ብለሽ መለስሽ። ሦስት ጊዜ። አገር ምድሩ ሰማ። ‹አላገባትም እያላት ላገባህ አለችው፣ እንዴት ብትወደው ነው› እያሉ ሴቶቹ አለቀሱ። እንግዲህ በሰው ፊት የጠየቀችኝን ሴት በምን አንጀቴ ላዋርዳት? ይሁና ብዬ ተቀበልኩ። ያውልሽ፣ አልጋም እያስጠገንኩ ነው።» ጥግ ላይ አንድ አልጋ ተገልብጦ፣ ከአራት እግሮቹ አንዱ አዲስ ሆኖ ቆሟል።

እታለም አልጋውን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዱቄቱ ላይ ተቀምጬ ቀሚሴ ነጭ እስኪሆን ሳቅሁ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እህቴ ግን ድንገት ሳቋን አቆመች።

«ቆይ እስቲ። ለምንድን ነው አላገባትም ያልከው? ምን ጎደለኝ?»

አንቄ ልገድላት ነበር።

«ምንም አልጎደለሽም» አለ ባለወፍጮው፤ ደንግጧል። «ቀኑን ሙሉ ይህን ጩኸት እሰማለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ዝም ያለ ነው። ሚስቴ በሞተች ሰሞን ዝምታው ያስፈራኝ ነበር፤ አሁን ለመድኩት፣ እንዲያውም ወደድኩት። አንቺስ?»

«እኔ ደግሞ አልጋዬን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ» አለች። ይህን ለእሱ ብቻ የነገረችው ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እዚያው እንዲሆን እፈልጋለሁ። አላገባህም።»

«እሺ» አለ።

በቃ። «እሺ» ብቻ። አስቢበት አላላትም፣ ለመንደሩ ስትይ አላላትም፣ ለምን ብሎ እንኳ አልደገመም። እታለም የሚከተል ነገር ያለ መስሏት ትንሽ ቆመች። እንደሌለ ስታውቅ በዚያ በተገለበጠው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ባለወፍጮው ምን እንዳጠፋ እንድነግረው ወደ እኔ አየ።  በዕድሜዋ ሙሉ እምቢ ስትል «እሺ» ያላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ ስለ መመለሱ ማሰብ ግድ ሆነ። «ለሰዉ ምን እንላለን?» አለች። «ነፋሱ ነው እንዳንል…» ብላ ወደ እኔ ዞር አለች።

«ስለ ጫካው ነው?» አለ ባለወፍጮው። «እሱንማ አባቴ ያውቅ ነበር። ሽማግሌዎቻችን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ነፋሱን የማያውቅ ማን አለ? ከጎረቤት ከመኳረፍ ግማሽ ጫካ ይሂድ ብለው እንዳልገባቸው ሆኑ። የዛሬዎቹ ግን እንደነሱ አይደሉም፤ ሰበብ ካገኙ ድንጋዩን ነገውኑ ይነቅሉታል።» ትንሽ አሰበ። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ እላለሁ። ጥፋቱ የእኔ ይሁን።»

«ተተወች ይሉኛል።»

«ይሉሻል» አለ፤ አልዋሻትም።

«አንተንስ?»

«እኔንማ ባለጌ ይሉኛል። ወፍጮው ግን አንድ ነው፤ እየሰደቡኝም ያስፈጫሉ።»

እታለም የፈለገችው መልሷ እንዲታወቅላት ነበር፤ ለዚያ ነው ገደል ወርዳ የወጣችው። አሁን ነፃ የምትወጣው ያንኑ መልስ ለዘላለም ከዋጠችው ብቻ ነው። እኔ በልቤ እምቢ በዪ፣ ጫካቸው ገደል ይግባ እል ነበር። ማገዶ ከጠፋ ግን መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው የሽማግሌዎቹ ቤት አይደለም፤ የእሷ ምድጃ ነው።

«ይበሉ» አለች በመጨረሻ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የደወሉ ድምፅ አንዲት ፊደል ሳትጎድል ደረሰን፦ «ባለወፍጮው! ሐሳቤን! ቀይሬያለሁ!» ሊቀመንበሩ ለወጉ ያህል ቡጢውን ወደ ማዶ አሳየ፤ ፊቱ ላይ ግን ጫካው ተርፎለት ደስታው ፈክቶ ይታያል። ጋሽ ጡሩምባ አራት ዓይነት ስድብ ጮኹ፤ አራቱም ነፋሱ ላይ ቀሩ።

ከዚያ ሴቶቹ መጡ። በሩን የሚገቡት አንገታቸውን ሰብረው ነው። «አይዞሽ» ይላሉ፣ «ሌላ ይመጣል»። «ምን ቸኩለሽ ላገባህ አልሽው፣ ወንድ እንዲህ ሲያዩት ይሸሻል» ያለችም አለች፤ ያቺው «ወፍጮ ያለው ሰው እኮ ነው!» እያለች የለመነቻት። ታቾችም ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ ከንፈራቸውን ይመጡላታል። እታለም ለሁሉም «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች ዳቦ ትቆርሳለች።

 የመጨረሻዋ ሴት ወጥታ በሩ ሲዘጋ አልቻልኩም። «እነግራቸዋለሁ!» አልኳት። «የመጣው ይምጣ! እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ! ይህን ሳይሰሙማ አይቀሩም!»

እታለም ሊጡን መግፋት አላቆመችም። ፊቷን አየሁት፤ ያዘነች ሴት ፊት አልነበረም።

«ተይው» አለች። «እሱ ሰምቶኛል። እሺ ብሎኛል።» ከዚያ ዱቄት እንድጨምርላት እጇን ዘረጋች።